የታከመች ላም እበት የት ይግባ? ባዮጋዝ፣ ኮምፖስት ወይስ ኩበት

የላሟ ጡት አበጠ። ሐኪሙ መጣ፣ ወጋት፣ በጡቷ ቀዳዳም መድኃኒት አስገባ፣ «ወተቷን ለጥቂት ቀን እንዳትሸጡ» ብሎ ሄደ። ስለ እበቷ ግን ማንም ምንም አላለም። እንደ ወትሮው ተዛቀ፤ ወይ ባዮጋዙ ውስጥ ገባ፣ ወይ ክምሩ ላይ ተጣለ፣ ወይ ጎመኑ ስር ተበተነ።

ላሟ የወሰደችው አንቲባዮቲክ ሁሉ ሰውነቷ ውስጥ አይቀርም። መጠኑ እንደ መድኃኒቱ ይለያይ እንጂ፣ ብዙ ጊዜ ትልቅ ድርሻው መልኩን ሳይቀይር በሽንትና በእበት ይወጣል። ታዲያ ይሄን እበት ምን እናድርገው? አንዱ «ባዮጋዝ ሁሉን ያጸዳል» ይላል። ሌላው «መድኃኒት ያለበት እበት ባዮጋዙን ይገድለዋል» ይላል። ሌላው ደግሞ «ፀሐይ ከመታው ምንም አይልም» ይላል። ሁሉም ላይ ትንሽ እውነት አለ፤ በአንዳቸው ብቻ ግን ውሳኔ አይወሰንም።

ይሄ ጽሑፍ በተለይ ሆለታ፣ ሱሉልታ፣ ሰበታ፣ ቢሾፍቱ፣ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳና አካባቢያቸው ጥቂት የወተት ላሞች ይዘው ለሚኖሩ ሰዎች ነው። ባዮጋዝ ላሠራ ወይስ ይቅርብኝ ብለው ለሚያመነቱም ይሆናል።

በምን እንመዝን?

የመጀመሪያው መለኪያ መድኃኒቱ ራሱ ነው፤ ይፈርሳል ወይስ ይቆያል? እዚህ ላይ «አንቲባዮቲክ» ብሎ በጅምላ ማውራት አያዋጣም። ፔኒሲሊን በተፈጥሮው ቶሎ ይፈርሳል፣ እርጥብ እበት ውስጥ ብዙም አይዘልቅም። በየበረቱ የማይጠፋው ኦክሲቴትራሳይክሊን ግን ከእበቱ ደረቅ ክፍልና ከአፈር ጋር አጥብቆ ይጣበቃል፤ ውኃ በቀላሉ አይወስደውም፣ ግን ቶሎም አይጠፋም። ሰልፋ የሚባሉት ደግሞ ተቃራኒ ናቸው። አፈር ብዙ አይዛቸውም፣ ዝናብ ሲጥል አብረው ወደ ጉድጓድና ወንዝ ይወርዳሉ። ዶሮ ቤት የሚዘወተረው ኤንሮፍሎክሳሲን ግትር ነው፣ አፈር ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቀመጣል። ስለዚህ ሐኪሙ ሲወጋ የመድኃኒቱን ስም ጠይቁ፣ ከነቀኑ ደብተር ላይ ጻፉት። ከዚህ በታች ያለው ምርጫ ሁሉ በዚያ ስም ላይ ይንጠለጠላል።

ሁለተኛው መለኪያ መድኃኒት የተላመዱ ጀርሞች ናቸው። ይሄ ከመጀመሪያው የተለየ ጉዳይ ነው፣ ብዙ ሰው ግን አንድ ያደርጋቸዋል። መድኃኒቱ ፈርሶ ቢያልቅ እንኳ፣ በላሟ አንጀት ውስጥ መድኃኒቱን የተቋቋመው ባክቴሪያ በሕይወት ከወጣ ጠባዩን ለሌሎች ባክቴሪያዎች ያስተላልፋል። እነሱን የሚገድለው በዋናነት ሙቀት ነው።

ሌሎቹን መለኪያዎች ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ፤ ማገዶ ይሰጣል ወይ፣ ለማሳው ምን ያህል ማዳበሪያ ይተርፋል፣ ምን ያህል ውኃ፣ ጉልበትና ገንዘብ ይበላል። አንድ የሚረሳ አለ፣ ብርዱ። ሱሉልታ ላይ የሚሠራና አዳማ ላይ የሚሠራ ነገር አንድ አይደለም።

ትኩሱን እበት ማሳ ላይ መበተን

ይሄኛው ብዙ ማውራት አያስፈልገውም። መድኃኒቱም ጀርሙም እንዳለ ማሳው ላይ ያርፋል። ለሣር መሬት ሊታለፍ ይችል ይሆናል። ጥሬውን ለሚበላ ሰላጣና ካሮት፣ ወይም ቶሎ ለሚቀነጠስ ጎመን ግን የታከመች ላም ትኩስ እበት በፍጹም አይሁን። ተክሎችም ከአፈር ጥቂት መድኃኒት ወደ ውስጣቸው ሊስቡ ይችላሉ፤ ከዚያ የባሰው ግን ቅጠሉ ላይ የሚቀረው ጀርም ነው።

ጥግ ላይ ከምሮ መተው

ብዙ ግቢ ውስጥ ያለው ይሄ ነው። አዛባው ተዝቆ ጥግ ላይ ይከመራል፣ ወራት ይቀመጣል፣ «በስሏል» ተብሎ ማሳ ላይ ይወጣል። ግን በሰለ ማለት ሞቀ ማለት አይደለም። ጭድ ያልገባበት፣ ያልተገላበጠ፣ ዝናብ የሚገባበት ክምር ውስጡ ቀዝቃዛና ጭቃ ነው። ሰልፋ ከሆነ መድኃኒቱ በዝናቡ ታጥቦ ይወርዳል፤ ክምሩ ከውኃ ጉድጓዳችሁ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ደግሞ የሚወርደው ወደ እናንተው ነው።

የሚሞቅ ኮምፖስት

እኔ ለመድኃኒት ቅሪት ከሁሉ የማስቀድመው ይሄን ነው፣ ምክንያቱን ላስረዳ።

አሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ ቤልትስቪል የሚባል ትልቅ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። እዚያ ያሉ ተመራማሪዎች በኦክሲቴትራሳይክሊን የታከሙ ጥጆችን እበት ወስደው ሁለቱንም መንገድ ሞከሩ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2007 ታተመ። በባዮጋዝ ማብላያ (እበቱ አየር ሳያገኝ ጋዝ የሚሰጥበት የተዘጋ ጉድጓድ ወይም ዕቃ) ውስጥ 64 ቀን ቆይቶ መድኃኒቱ የቀነሰው በ60 በመቶ ገደማ ነበር። በሚሞቅ ኮምፖስት ውስጥ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ 95 በመቶ ያህሉ ጠፋ፤ ከወር በኋላ ከ99 በመቶ በላይ። ያው የኮምፖስት ቅልቅል ሳይሞቅ በክፍል ሙቀት ሲቀመጥ ደግሞ ከወር በላይ ቆይቶ የቀነሰው ከሩብ አልበለጠም። ጥግ ላይ የተተወው ክምር ማለት ይሄ የመጨረሻው ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። «ጠፋ» የሚባለው በምርመራ ሊወጣ የሚችለው መጠን ነው፤ የተወሰነው ፈርሶ ሳይሆን ከብስባሹ ጋር አጥብቆ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ለባክቴሪያ የሚደርሰው መጠን በጣም መቀነሱ ትልቅ ነገር ነው። ሰልፋዎች ላይ ኮምፖስት እንደዚህ አስተማማኝ አይደለም፣ ውጤቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል።

አሠራሩ ከባድ አይደለም፣ መገላበጡ ነው የሚያደክመው። የላም እበት ብቻውን በጣም እርጥብ ስለሆነ አይሞቅም። ጭድ፣ ገለባ፣ የደረቀ ቅጠል ወይም የበቆሎ አገዳ ቆራርጣችሁ በብዛት ቀላቅሉበት። ቁመቱም ወርዱም ቢያንስ 1 ሜትር ይሁን፤ ከዚያ ካነሰ ሙቀቱን አይይዝም። እፍኝ አንስታችሁ ጨምቁት። ውኃ ከተንጠባጠበ በጣም ረጥቧል፣ ሳይያያዝ ከተበተነ ደርቋል። መሃሉ ላይ ብረት ዘንግ ሰክታችሁ ከ10 ደቂቃ በኋላ ስታወጡት በእጅ ይዞ መቆየት የሚያቅት ከሆነ ጥሩ ሞቋል። አሜሪካኖች ሜዳ ላይ በረድፍ ለሚከመር ኮምፖስት ያወጡት የጀርም መግደያ መመዘኛ ቢያንስ 55 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ15 ቀን፣ በመሃሉ 5 ጊዜ እየተገላበጠ ነው። የሚገላበጠው ቀዝቃዛው ዳር ወደ ሞቃቱ መሃል እንዲገባ ነው፣ ያ ካልሆነ ዳር ያለው ጀርም እንደተመቸው ይኖራል። ክረምት ላይ በላስቲክ ወይም በወፍራም ሣር ሸፍኑት።

ጉድለቱ ግልጽ ነው። ማገዶ አይሰጥም። የናይትሮጅኑም የተወሰነ ክፍል በአየር ይሄዳል። ጭድ ለከብት መኖ በሆነበት ቤት ደግሞ ጭዱን ለኮምፖስት ማዋል ያሳሳል፤ ከብቶቹ ጥለውት የሚተርፈውን ፍርፋሪና ጉዝጓዝ አትጣሉ፣ ይበቃችኋል።

ባዮጋዝ

እኛ አገር በብዛት የተሠራው «ስንዱ» የሚባለው ከመሬት በታች የሚቀበር ባለ ጉልላት ማብላያ ነው። ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2009 ከጀመረ ወዲህ ከ4 እስከ 10 ሜትር ኩብ በሚደርስ መጠን ተሠርቷል። አራት ከብት ያለው ቤት ብዙ ጊዜ 6 ሜትር ኩቡን ይመርጣል። ከ1 ኪሎ ትኩስ እበት በደህና ሙቀት 40 ሊትር ያህል ጋዝ ይገኛል። በቀን 40 ኪሎ ብታስገቡ ወደ 1,600 ሊትር ነው፣ አንድ ምድጃ ለ4 ሰዓት ገደማ ያነዳል። ወጥና ቡና በደንብ ይሠራል። እንጀራ ግን በተራ የባዮጋዝ ምድጃ አይጋገርም፣ ስለዚህ ለምጣዱ ሌላ ማገዶ ይቀራችኋል። ይሄን ሳያውቁ ያሠሩ ሰዎች ስላሉ ነው የማነሳው።

አሁን ወደ መድኃኒቱ። ማብላያ ውስጥ ጋዝ የሚሠሩት ጥቃቅን ሕዋሳት ናቸው፤ አንዱ ቡድን እበቱን ወደ አሲድ ይሰባብራል፣ ሌላው ያንን ተቀብሎ ሚቴን ያወጣል። አንቲባዮቲክ በተለይ የመጀመሪያዎቹን ይመታል። የመጀመሪያዎቹ ሲመቱ የኋለኞቹ ቀለብ ያጣሉ። በቤልትስቪሉ ሙከራ መድኃኒቱ ያለበት እበት የሰጠው ጋዝ በ27 በመቶ አንሷል። ሙከራው ውስጥ የገባው እበት ግን ከታከሙ ጥጆች የተገኘ ነው።

የእናንተ ቤት እንደዚያ አይደለም። ቁጥሩን አብረን እናስላ። አራት ላም አላችሁ፣ አንዷ ታከመች፣ ሕክምናውና ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ተደምረው 10 ቀን ናቸው እንበል። ማብላያው ከ40 እስከ 50 ቀን የገባ እበት ይይዛል። የታከመችዋ ድርሻ ከጠቅላላው 5 ወይም 6 በመቶ ነው። ይሄ ጋዝ አያቆምም። ስለዚህ «አንድ ላም ታክማ ባዮጋዜ ሞተ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሌላ ምክንያት ፈልጉ፤ ብርድ፣ የውኃ ማነስ፣ የቧንቧ መፍሰስ፣ ወይም የበረቱ ማጠቢያ በረኪና አብሮ መግባት። ማጠቢያ ኬሚካልም ማብላያ ይጎዳል፣ ማንም አያስበውም እንጂ።

ሥጋት የሚሆነው መቼ ነው? ብዙ ከብት በአንድ ጊዜ ሲታከም። የዶሮ ፍግ ሲገባ፣ ምክንያቱም ዶሮ ቤት መድኃኒት በመጠጥ ውኃ ስለሚሰጥ የታከመው መንጋው በሙሉ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ «አይሸጥም» የተባለውን ወተት ማብላያው ውስጥ መድፋት። በጡት ቀዳዳ የገባ መድኃኒት ያለበት ወተት ከእበቱ ይልቅ የጠነከረ መጠን ሊይዝ ይችላል። በዚያ ላይ ወተት ብቻውን ቶሎ ወደ አሲድ ይለወጣል። ሁለቱ ተደምረው ማብላያውን ያኮመጥጡታል።

ጋዙ ከቀነሰና ስለሪው (ጋዙ ከወጣለት በኋላ ከማብላያው የሚፈሰው ቀጭን እበት) ኮምጣጣ ከሸተተ መመገብ አቁሙ። ለጥቂት ቀን አሳርፉት። ከዚያ ካልታከሙ ላሞች ትኩስ እበት በትንሽ በትንሹ ጀምሩ። ከሚሠራ የጎረቤት ማብላያ ሁለት ሦስት ባልዲ ስለሪ ብታገኙ ይበልጥ ቶሎ ይነሳል።

ትልቁ ቁም ነገር ግን ጋዙ አይደለም፣ በማብላያው መውጫ የሚወጣው ስለሪ ነው። የእኛ ማብላያዎች አይሞቁም። ሕዋሳቱ 35 ዲግሪ አካባቢ ይመቻቸዋል፤ ከ15 በታች ሲሆን ሥራው በጣም ይንቀራፈፋል። ደብረ ብርሃን ወይም ሱሉልታ ያለ ማብላያ የተላመዱ ጀርሞችን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። ኦክሲቴትራሳይክሊኑም ከደረቁ ክፍል ጋር ተጣብቆ ከስለሪው ጋር ይወጣል። ባዮጋዝ ማገዶ ያመጣል፣ ጢስ ያስቀራል፣ ጥሩ ማዳበሪያም ይሰጣል። ለእናቶች ዓይንና ሳንባ ያለውን ጥቅም በገንዘብ መተመን አይቻልም። የመድኃኒት ማጽጃ ነው ተብሎ ብቻ አይሠራ።

ባዮጋዝ፣ ከዚያ ኮምፖስት

አቅም ላለው ሰው የምመክረው ይሄን ነው። ጋዙን ትወስዳላችሁ፣ የሚወጣውን ስለሪ ደግሞ በደረቅ ጭድና ቅጠል ላይ እያፈሰሳችሁ ታሞቁታላችሁ። በስንዱ አሠራር ከመውጫው አጠገብ ሁለት የኮምፖስት ጉድጓድ ይቆፈራል፤ አንዱ ሲሞላ ሌላው ይጀመራል። ብዙ ቤት ጉድጓዶቹ አሉ፣ ግን ስለሪው ብቻውን ይጠራቀምባቸዋል። ቀጭን ስለሪ ብቻውን አይሞቅም፤ ደረቅ ነገር ይፈልጋል፣ ከዚያም መገላበጥ። ሁለት ጊዜ ሥራ መሆኑን አልክድም።

ኩበት

ኩበትን መናቅ ፋሽን ሆኗል። በእርግጥ ጢሱ ይጎዳል፣ ማሳው የሚጠብቀውን ናይትሮጅንም እሳት ይበላዋል። ለዘወትር አልመክረውም። ለአንድ ነገር ግን ይጠቅማል። እሳት መድኃኒቱንም ጀርሙንም ያጠፋል፣ ሲደርቅ ደግሞ የፀሐይ ብርሃን ላይ ላዩን ያለውን ኦክሲቴትራሳይክሊን ማፍረስ ይጀምራል። በበጋ የታከመችን አንዲት ላም የጥቂት ቀን እበት ለብቻ ጠፍጥፎ አድርቆ፣ ደጅ ወይም ጢስ ማውጫ ባለው ምድጃ ማንደድ ብልህነት ነው። በክረምት አይሆንም፤ ሳይደርቅ ዝናብ ያጥበዋል።

የትል ኮምፖስትን የምትጠይቁ ካላችሁ፣ ትሉ ጥሩ ማዳበሪያ ይሠራል፣ ነገር ግን ሙቀት ስለማይችል ጀርም የሚገድል ደረጃ የለውም። እበቱ መጀመሪያ ይሙቅ፣ ይብረድ፣ ከዚያ ለትሉ ይሰጥ።

በአጭሩ ሲነጻጸሩ

| አማራጭ | ኦክሲቴትራሳይክሊንን ማፍረስ | የተላመዱ ጀርሞች | ማገዶ | ማዳበሪያ | ወጪና ድካም |
|---|---|---|---|---|---|
| ትኩስ መበተን | የለም | እንዳሉ ይቀራሉ | የለም | ጥሩ ግን አደገኛ | በጣም ቀላል |
| ከምሮ መተው | ትንሽ | ጥቂት ይቀንሳሉ | የለም | መካከለኛ፣ ይታጠባል | ቀላል |
| የሚሞቅ ኮምፖስት | በጣም ጥሩ | በደንብ ከሞቀ በጣም ይቀንሳሉ | የለም | ጥሩ | ገንዘብ ትንሽ፣ ጉልበት ብዙ |
| ባዮጋዝ ብቻ | በከፊል | በከፊል፣ በብርድ ያንሳል | አለ | በጣም ጥሩ | ሲሚንቶ፣ ግንበኛ፣ የዕለት ውኃ |
| ባዮጋዝና ኮምፖስት | በጣም ጥሩ | በደንብ ከሞቀ በጣም ይቀንሳሉ | አለ | በጣም ጥሩ | ከሁሉ የበለጠ |
| ኩበት | እሳት ያጠፋዋል | እሳት ያጠፋቸዋል | አለ፣ በጢስ | አመድ ብቻ | ጉልበት |

ሠንጠረዡ ለኦክሲቴትራሳይክሊን ነው። ፔኒሲሊን ብቻ ከተሰጠ ነገሩ ቀላል ነው፤ የእናንተ ጭንቀት ከመድኃኒቱ ይልቅ ጀርሙ ይሁን። ፔኒሲሊን ስትሬፕቶማይሲን ከሚባል ሌላ አንቲባዮቲክ ጋር ተደባልቆ ሊመጣ እንደሚችል ግን አትርሱ።

ለማን የቱ?

አንድ ወይም ሁለት ላም ካላችሁና ውኃ ከሩቅ የሚቀዳ ከሆነ ባዮጋዝ አታሠሩ። ለየ1 ኪሎ እበት 1 ሊትር ያህል ውኃ ይፈልጋል፣ የሚሸከመውም ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የሚሞቅ ኮምፖስት ይበቃችኋል።

አራትና ከዚያ በላይ ላም በረት ውስጥ የምትቀልቡ፣ ውኃ ግቢያችሁ ያለ፣ ባዮጋዝ አሠሩ። በጀቱ ለማብላያው ብቻ ከበቃ፣ በዚያው ጀምሩና ስለሪውን ለሣር፣ ለዝሆኔ ሣር፣ ለፍራፍሬ ዛፍ ሥር ስጡት። ጓሮ አትክልት የምትሸጡ ከሆነ ግን ኮምፖስቱን ለነገ አትበሉ። ውኃውን በሽንት መተካት ጥሩ ዘዴ ነው፣ ይሁንና ፔኒሲሊንም ሰልፋም በብዛት የሚወጡት በሽንት ስለሆነ የታከመችዋን ሽንት አትጨምሩ።

ደጋ ላይ ከሆናችሁ ማብላያው ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ይሁን፣ ላዩን በአፈርና በኮምፖስት ክምር አልብሱት፣ ከዝቅተኛው መጠን ከፍ ያለ ይሠራላችሁ። እበቱ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት አለበትና።

ዶሮ የምታረቡ፣ መንጋው የታከመበትን ሰሞን ፍግ ከጭድና ከሰጋቱራ ጋር ለብቻው አሙቁ። ወደ ማብላያ አይግባ፤ ከመድኃኒቱ ሌላ አሞኒያውም ይከብደዋል። ለከብት መኖ ደግሞ በጭራሽ አይሁን።

20 እና 30 ላም ያላችሁ ደግሞ ገንዘቡ ካለ መጀመሪያ የሕሙማን ክፍል ሥሩ። የራሱ ወለል፣ የራሱ መፋሰሻ፣ የራሱ ክምር ያለው። ከማንኛውም መሣሪያ በፊት ያ ይቅደም።

በሕክምናው ሰሞን

የታከመችዋን ላም እበት ለብቻ ዛቁ። እስከ መቼ? መድኃኒቱ በተሰጠበት ጊዜ ሁሉ፣ ከዚያም ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው የወተት መጠበቂያ ጊዜ እስኪያልቅ፤ ለኦክሲቴትራሳይክሊን፣ በተለይ ለረጅም ጊዜ እንዲሠራ ለተዘጋጀው፣ አንድ ሳምንት ጨምሩበት። ለእበት የተጻፈ የመጠበቂያ ጊዜ ጠርሙሱ ላይ አታገኙም፣ ስለዚህ ይሄ የእኔ ግምታዊ ጥንቃቄ ነው። ያ እበት ወደሚሞቀው ኮምፖስት መሃል ይግባ። የማይሸጠው ወተትም እዚያው፣ ደረቅ ጭድ ላይ እየተበተነ ይግባ፤ ለጥጃ አይሰጥ፣ በጥጃው ሆድ የተላመዱ ጀርሞችን ያራባልና።

ሕክምናውን ራሱ መቀነስ ደግሞ ከሁሉ ርካሹ ነው። ጉዝጓዙ ደረቅ ይሁን። ከማለብ በፊት እጅና ጡት ይታጠብ፣ ለየላሟ የራሷ ንጹሕ ጨርቅ። የታመመችዋ መጨረሻ ትታለብ። ከመድኃኒት ቤት በራስ ገዝቶ መውጋት ይቅር። ሐኪሙ 3 ቀን ካለ 3 ቀን ይሰጥ፣ በሁለተኛው ቀን እብጠቱ ጎደለ ተብሎ አይቆም። ሐኪሙ ሲመጣም የመድኃኒቱ ስም ምንድን ነው፣ ወተቱ ስንት ቀን ይጠበቃል፣ በእበት ወይስ በሽንት ነው በብዛት የሚወጣው ብላችሁ ጠይቁት።